በቀኝ የሚፈታ ክዳን

እናቴ ብስክሌቱን ከደረጃው ሥር ጎትታ ያወጣች ዕለት ጥላኝ ልትሄድ እንደሆነ ገባኝ። ማንም አልነገረኝም። ግን ሰው ሊሄድ ሲል ምን እንደሚያደርግ አይቼ አውቃለሁ፤ ያኔ በእኛ የአስመራ ሰፈር፣ ገዛ ባንዳ ውስጥ የማይሄድና የማይመጣ ሰው አልነበረም። ጦርነቱ አልቋል፤ የተሰደደው ሻንጣውን እየጎተተ ይመለሳል፣ ያልተሰደደው ደግሞ ተራዬ ደረሰ ብሎ ሻንጣ ይገዛል። ፊት ለፊታችን የነበሩት ጎረቤቶች ሻንጣቸውን አውጥተው አቧራውን አራገፉ፣ ዚፑን በሳሙና አሹት፣ ከዚያ አንድ ጠዋት መስኮታቸው ላይ መጋረጃ አልነበረም።

እናቴ ሻንጣ የላትም። ያላት ብስክሌት ነው።

ስለዚህ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ጭንቅላቴ ነገሩ የማያሻማ ነበር። ብስክሌቱ ተጠግኖ ሲያልቅ ትወጣበታለች፤ ቁልቁለቱን ወደ ምጽዋ ትለቀዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። ባሕሩን እንዴት እንደምትሻገር አላውቅም፤ ግን እናቴ መላ የምታጣ ሴት አልነበረችም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ብስክሌቱ እንኳን ባሕር ሊያሻግር ራሱን ችሎ አይቆምም ነበር። በቤት ብሩሽ ጥቁር ቀለም ተለቅልቋል። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀው እንደ ቋንጣ ደርቀዋል። ካቴናው፣ ማለትም ሰንሰለቱ፣ ዝጎ፣ ሲያነሱት እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይነሳል። አንገቱ ላይ፣ የሠሪው አርማ ድሮ በተመታበት ቦታ፣ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። ዓይኖቹ ይመስሉኝ ስለነበር ፊት ለፊቱ አልቆምም።

እናቴ ካርመላ ልብስ ሰፊ ናት። ስለ ብስክሌት የምታውቀው ማንም የአስመራ ሰው የሚያውቀውን ነው፤ ማለትም ማን የትኛውን ውድድር እንዳሸነፈ። ከዚያ በቀር በሕይወቷ አንዲት ዳዶ ፈትታ አታውቅም። ስለዚህ በምታውቀው መንገድ ገባችበት፤ እንደ አሮጌ ካፖርት ተረተረችው። ነጭ አንሶላ መሬት ላይ ዘረጋች። የፈታችውን ሁሉ በተፈታበት ተራ ደረደረች፣ ዙሪያውን በልብስ ሰፊ ጠመኔ አሰመረች፣ የግራውን በነጭ ክር የቀኙን በቀይ ክር አሰረች። ለዝገቱ ናፍጣ፣ ለቀረው የስፌት መኪናዋን ዘይት። ቤቱ ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ አለ። ደንበኞቿ ልብሳቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ካላሸተቱ አይረከቡም ነበር።

«ካርመላ፣ ይሄ የሰርግ ቀሚስ ነው ወይስ የጭነት መኪና?» አለቻት አንዷ።

«ልዩነቱን ካገባሽ በኋላ አንቺው ትነግሪኛለሽ» አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

አያቴ አደይ ለተድንግል አልሳቀችም። በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች፣ ዓይኗ ግን ምስሩ ላይ አልነበረም።

«ተዪው ይሄን ዝገት» ትላለች።

«ይለቃል፣ እናቴ።»

«መልቀቁን መች አጣሁት። የተኛ ነገር አይቀሰቀስም ነው የምልሽ።»

እኔ የመሰለኝ አያቴም እንደኔ የፈራች ነው። ፈርታስ ነበር። የፈራችው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለማወቅ ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል።

የብስክሌቱን ዘር እንዲናገሩ አቦይ ሃብተጽዮን ተጠሩ። በወጣትነታቸው ይወዳደሩ ነበር፤ ካረጁ በኋላ የሰፈሩ የብስክሌት ዳኛ ሆኑ። ከቅዳሴ መልስ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ መጡ፣ እንደ ሐኪም ጎንበስ አሉ፣ ብረቱን በጥፍራቸው ቆርቆር አድርገው አዳመጡ። ከዚያ በሳንቲም ጥቁሩን ቀለም ትንሽ ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ እንደ ጠዋት ሰማይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፣ የጣልያን ተወዳዳሪዎች ብስክሌት ቀለም፣ ብቅ አለ።

«ይኸው!» አሉ። «ጣልያን!»

«እርግጠኛ ነዎት፣ አቦይ?»

«ካርመላ፣ ባሕሩ ጨው መሆኑን በምን አወቁ ትዪኛለሽ እንዴ? አስመራ ውስጥ አሮጌ ብስክሌት ጣልያን ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ቸርኬውን እዪው። መሪውን እዪው።»

ዛሬ ያ ብስክሌት እጄ ላይ ቢወድቅ ቸርኬና መሪ አያታልለኝም። በዚያ ሁሉ ዓመት ያልተቀየረ ቸርኬ የት ይገኛል? የብስክሌት ዘር የሚታወቀው በአጥንቱ ነው። ግን አቦይ ሃብተጽዮን ያዩት ማየት የሚፈልጉትን ነው፤ ከአረንጓዴው ሥር ሌላ ቀለም ይኖር እንደሆነ ለማየት ሳንቲማቸውን አንድ ጊዜ አልጨመሩም። ከተማው ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ የእሳቸው ጥፋት አይደለም።

ከመሄዳቸው በፊት እናቴን ቁጭ ብለው አስተማሯት። «ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ይሄ መሐል ቱቦ በሁለቱም በኩል ክዳን አለው። ኩሽኔታው ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ እሱን ሳታጥቢ ቀለም መቀባት ሬሳ መኳል ነው። የጣልያን ከሆነ ሁለቱም ክዳን እንደ ማንኛውም ክዳን ወደ ግራ ይፈታል። የእንግሊዝ ከሆነ ግን በካቴናው በኩል ያለው ተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ጠማሞች ናቸው! መንገዱንስ በግራ አይደል የሚነዱት?» በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። «ያንቺ ወደ ግራ ነው። እምቢ ቢልሽ ደግመሽ ታገዪው።»

እናቴ ቃላቸውን እንደ ጸሎት በቃሏ ያዘችው።

የእናቴን ነገር ሳልነግር ማለፍ አልችልም። እናቴ መልኳ ቀይ፣ ፀጉሯ ልስልስ ነው። በልጅነቷ «የጣልያን ዲቃላ» እያሉ ይከተሏት ነበር። አባቷ ጣልያናዊ ተወዳዳሪ እንደነበረ፣ በዚህ ብስክሌት ከአስመራ ምጽዋ ወርዶ እንዳሸነፈ፣ እንግሊዞች ሲወጡ እሱም ወደ አገሩ እንደሄደና ብስክሌቱን ለልጁ እንደተወላት አያቴ ነግራታለች። ስሙን ግን አልነገረቻትም። «ስሙን ትቼዋለሁ» ትላለች፤ በቃ። እናቴ ከአባቷ ያላት እንግዲህ ያ ዝገት ነው።

በዚያ ዓመት እንደ እናቴ ያሉ ሰዎች የአባታቸውን አገር የዜግነት ወረቀት መፈለግ ጀምረው ነበር። ሲኞር ቦናልዲ የሚባሉ፣ አስመራ የተወለዱ፣ አስመራን ትተው ያልሄዱ ሽማግሌ ነበሩ። የድሮውን ጣልያን ሁሉ ያውቃሉ፤ እሳቸው «አዎ፣ የጣልያን ልጅ ናት» ካሉ ቆንስላው ዘንድ ቃላቸው ይሰማል። እናቴን ሲያነጋግሯት «እናቴ ነገረችኝማ ሁሉም ይላል፤ የሚጨበጥ ነገር አሳዪኝ» አሏት። ብስክሌቱ የሚጨበጠው ነገር ነበር። ይሄን ሁሉ ያወቅሁት አድጌ ነው። ያኔ የማውቀው ሲኞር ቦናልዲ እሑድ ብስክሌቱን ሊያዩ እንደሚመጡ ብቻ ነው። መንገዱን ይችለው እንደሆነ ሊመረምሩት መሰለኝ።

አንድ ምሽት ተኝታለች ብለው ሲያወሩ ሰማሁ።

«መጀመሪያ ብቻዬን ነው የምሄደው» አለች እናቴ።

«ልጅቷስ?»

«ካንቺ ጋር። ሁለት ዓመት፤ ቢበዛ ሦስት።»

«እኔ ልጅ ብቻዬን ማሳደግ አንዴ ይበቃኛል» አለች አያቴ።

በኋላ ሰው ሁሉ «ልጅ ነበርሽ፣ የልጅ ፍርሃት ነው» ብሎኛል። አይደለም። ስለ መንገዱ ተሳስቼ ነበር እንጂ ስለ መሄዷ አልተሳሳትኩም። የፈራሁት እውነት ነበር።

ከዚያ ምሽት በኋላ እናቴ አንድ ነገር ባጸዳች ቁጥር እኔን ከቤት አንድ እርምጃ የምታወጣኝ ይመስለኛል። ካቴናው መተጣጠፍ ሲጀምር ምግብ አልበላ አለኝ። የፍሬኑ ዘንግ ማብረቅረቅ ሲጀምር የማርያም ሥዕል ፊት ቆሜ «እመቤቴ፣ ዝገቱን አበርቺልኝ» አልኳት። ሰው ለጤና ይሳላል፤ እኔ ለዝገት ተሳልኩ።

ማርያምም የሰማችኝ መሰለ። መደበር፣ ብረት ሠሪዎቹ ገበያ፣ ሄዳ ያሠራችውን መምቻ ይዛ የፔዳሎቹን ክንዶች አወለቀች፤ የግራው ክዳን በቀላሉ ወጣ፤ የካቴናው በኩል ያለው ግን እምቢ አለ። ናፍጣ አጠጣችው። በከሰል ካውያዋ አሞቀችው። መፍቻው ላይ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ማስረዘሚያ ሰክታ በጉልበቷ ታገለችው፤ መዳፏ ተላጠ። መርፌ መዳፏን ሲነካት ስትሸማቀቅ እያየሁ ጎኔን ይወጋኝ ነበር። ደስም ይለኝ ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ አትጠይቁኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ። የብስክሌቱን አጽም በጎኑ አስተኝታ፣ የካቴናውን ጎን ወደ ላይ አድርጋ፣ ጉልበቷን ጭና ይዛዋለች።

«ምልእተ፣ ነዪ። ቧንቧውን ያዢና ወደ ግራ ግፊው። ክብደትሽን ጣዪበት።»

ገፋሁት። አልነቃነቅም አለ።

«በደንብ! ምሳ አልበላሽም እንዴ?»

«አልበላሁም።»

«ለምን?»

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ በላብ ርሷል፤ አፍንጫዋ ላይ ጥቁር ቅባት አለ። ነገ እሑድ ነው። ነገ ሽማግሌው ይመጣሉ። በዚያች ደቂቃ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የጠርሙስ ክዳንም የውሃ ቧንቧም ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። ይሄንንም ወደ ቀኝ ብገፋው ለዘላለም ይጠብቃል፤ ማንም አይፈታውም፤ ማንም የትም አይሄድም። እዚያው ዓይኗ ሥር ዞሬ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ፣ ሁለት እግሬን ቧንቧው ላይ ጫንኩ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ቀኝ ገፋሁት።

«አንቺ! በየት በኩል ነው...»

ጧ! አለ።

ቧንቧው ከእግሬ ሥር ሸሽቶ በመቀመጫዬ ወደቅሁ። እናቴ በጣቶቿ ክዳኑን ነካችው። ወደ ቀኝ አዞረችው። እንደ ማር ማሰሮ ክዳን እየተሽከረከረ ወጣ፤ ጥቁር ውሃና የኩሽኔታ ኳሶች አንሶላው ላይ ተበተኑ። እሷ ግን ኳሶቹን አላየቻቸውም። ክዳኑን መዳፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች፤ ፊቷ ነጭ ሆነ።

«ማማ፣ ሰበርኩት?»

ክዳኑን ገልብጣ አየችው።

«ሰበርኩት አይደል?»

እንደ ተሰበረ እንድትነግረኝ ፈልጌ፣ እንደ ተሰበረ እንዳትነግረኝ ፈርቼ ጠየቅኋት። እሷ የብርጭቆ ወረቀት አነሳችና የብስክሌቱን አንገት መፋቅ ጀመረች። ጥቁር። ከሥሩ አረንጓዴ። አላቆመችም። ከአረንጓዴው ሥር ሌላ ጥቁር ወጣ፤ አሮጌ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ጥቁር። ወረቀቱን ጣለችና ወደ ቤት ገባች። ተከትያት በሩ ጥግ ቆምኩ።

«ብስክሌቱ የማን ነው?» አለች።

«የአባትሽ ነዋ» አለች አያቴ።

«እናቴ፣ አታድክሚኝ። እንግሊዝ ነው። የማን ነው?»

ምስሩ ሰፌዱ ላይ መንሿሿቱን አቆመ።

«የኔ ነው» አለች አያቴ።

«ያንቺ?»

«እንግሊዞቹ ሊወጡ ሲሉ ዕቃቸውን ሸጡ። ልብሳቸውን አጥቤ ባገኘሁት ገዛሁት። ሰው ሳይነሳ በማለዳ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ እነዳው ነበር፤ አንቺን አዝዬ። ሴት ብስክሌት ላይ ያየ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ፤ ያውም ያንቺ ዓይነት ልጅ ያዘለች ሴት።»

«ጣልያኑስ? እሱም ውሸት ነው?»

«እሱ አባትሽ ነው፤ በሱ አልዋሸሁም። የዋሸሁት ትቶልሽ ሄደ ባልኩት ነው። ምንም አልተወም፣ ካርመላ። አንዲት ዳዶ አልተወም። ምጽዋም መውረዱን እንጃ። ልጆቹ ሰድበውሽ እያለቀስሽ መጣሽና ‹አባቴ ምን ሰጠኝ?› አልሽኝ። ዙሪያዬን አየሁ። ግድግዳው ላይ የተደገፈው እሱ ብቻ ነበር።»

«ቀለሙ?»

«ጣልያን ይምሰል ብዬ እኔው ቀባሁት። ኋላ ሳየው አስጠላኝ፤ ጥቁር ደገምኩበት።»

ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገች። ከዚያ የአያቴ ድምፅ ተለወጠ፤ ገበያ ላይ ዋጋ የምትቆርጥበት ድምፅ ሆነ።

«ዝጊው። አጥበሽ፣ ቅባት አድርገሽ፣ መልሰሽ ዝጊው። ሽማግሌው ክዳን ሊፈታ ነው የሚመጣው? የኔ ውሸት ዕድሜሽን ሙሉ ሠርቷል፤ ለነገ አንድ ቀን አያንስም።»

እኔ በዚያ ጥግ ቆሜ ምን ሰማሁ? «የኔ ነው» የሚለውን ሰማሁ። አያቴ ብስክሌቱን ከለከለቻት፣ በቃ አትሄድም ብዬ በደስታ ልጮህ ነበር። ግን እናቴ ወጥታ አንሶላው ላይ ተንበረከከች፣ ኳሶቹን አንድ በአንድ ለቅማ በናፍጣ አጠበች፣ በቅባት ውስጥ ደረደረቻቸው፣ ክዳኑን ወደ ግራ እያዞረች መልሳ ዘጋችው። አልሰበርኩትም። ጭራሽ ሥራውን አቀለልኩላት።

እሑድ ሲኞር ቦናልዲ መጡ። ብስክሌቱ ግቢው መሐል ቆሟል፤ አዲስ ጎማ፣ የተወለወለ ቸርኬ፣ የተፋቀው አንገቱ በአረንጓዴ ተሸፍኗል። እናቴ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ እጇ ላይ ያጸዳችበት የማይመስል ጨርቅ ይዛለች። አያቴ ገንዳው ዘንድ ልብስ ታጥባለች፤ በእሑድ ስታጥብ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሲኞር ቦናልዲ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፤ መሪውን ነኩ፣ ቸርኬውን አሽከረከሩ።

«የጣልያን ነው፣ አያጠራጥርም» አሉ። በእኛ ቋንቋ ነው የሚናገሩት፣ የአስመራ ሽማግሌ አነጋገር። «እመሰክርልሻለሁ፣ ልጄ። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

አውቀው ዋሽተው ይሁን፣ እንደ አቦይ ሃብተጽዮን ተሸውደው፣ ዛሬም አልወሰንኩም። ደግ ሰው ነበሩ ይባላል። እኔ ግን ያን ጊዜ ጥርሳቸው እንዲረግፍ ነበር የምመኘው።

«እንግዲህ አባትሽ ምጽዋ የወረደው በዚህ ነው» አሉ፣ መቀመጫውን መታ መታ እያደረጉ።

እናቴ ጨርቁን አጠፈችው። ደግማ አጠፈችው። ወደ ገንዳው አየች። አያቴ አንገቷን ደፍታ አንድ ሸሚዝ ላይ ክርኗ እስኪርስ ታሻለች።

«አይደለም፣ ሲኞር» አለች እናቴ። «ብስክሌቱ የእንግሊዝ ነው። የእናቴ ነው። እሷ ናት የነዳችው።»

«ካርመላ!» አለች አያቴ።

«አባቴ ምንም አልተወልኝም። የሚጨበጥ ነገር የለኝም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «ይሄን ባትነግሪኝ ኖሮ እኮ...»

«አውቃለሁ።»

«አንዴ ከሰማሁ በኋላ አልሰማሁም ማለት ይከብደኛል።»

«አውቃለሁ ብዬዎታለሁ፣ ሲኞር።»

ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ለአያቴ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፣ ወጡ። እኔ ፈተናውን ወደቀች ነው ያልኩት፤ ብስክሌቱ ለመንገዱ ብቁ አይደለም ያሏት መስሎኝ ነበር። የደረቴ ድንጋይ ወረደ። ከሷ በጣም ያነሰ ነገር ይዘው የሄዱ እንደነበሩ አሁን አውቃለሁ፤ የሰው ብስክሌት ተከራይተው ያሳዩ ሁሉ ነበሩ ይባላል። እናቴ አልሄደችም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀረች፤ ያን ዓረፍተ ነገር ማንም አላስገደዳትም።

በሩ እንደ ተዘጋ አያቴ ሸሚዙን ገንዳው ውስጥ ወረወረችው።

«ደንቆሮ! ያሳደግሁት ደንቆሮ ነው! አፍሽን መዝጋት አቅቶሽ?»

«አቅቶኝ።»

«ምን ይጎልብሻል? ብስክሌቱን ይዘውት ሊሄዱ ነው?»

«ያለን አንድ ብስክሌት ነው» አለች እናቴ። «ዞሮ ላላየኝ ሰው ሰጥቼው ልኑር? አዝላ ላዞረችኝ ልስጠው እንጂ!»

አያቴ አፏን ከፈተች፤ ስድብ የሚወጣ መስሎኝ ጆሮዬን ያዝኩ። እሷ ግን እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ፊትም ጀርባም፣ ደጋግማ። ብስክሌቱ ዘንድ ሄደች። ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠመጠመች።

«መቀመጫውን ዝቅ አድርጊልኝ» አለች።

እናቴ መፍቻዋን ልታመጣ ሮጠች። እኔ ደግሞ አሁን የምትሄደዋ አያቴ መሆኗ ገብቶኝ የግቢውን በር ልቀረቅር ሮጥኩ።